ሦስት ጊዜ የተስተካከለ ቀጠሮ

ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሯችን ሕመምተኞችን ከውጭ አገር ሐኪሞች ጋር በቪዲዮ ያገናኛል። የዳታቤዙም የማስተርጎሙም ሥራ በእኔ በዳግም ላይ የወደቀ ነው። ጀርመኖች ደግሞ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይነካካሉ፤ በመጋቢት አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በጥቅምት አንድ ሰዓት ወደኋላ። ለምን እንደሆነ ሊያስረዳኝ የሞከረ ሁሉ መሀል ላይ ራሱ ይጠፋበታል። እኛ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ብለን የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ ፀሐይዋም አታስቸግረንም።

ድሮ በጥቅምት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተስፋማርያም ቀጠሮዎቹን እየከፈቱ አንድ ሰዓት ይጨምሩ ነበር። እሳቸው ሲረሱ እንግዳ ተቀባይዋ ሎሚ በስልክ ትጨምራለች። ዘንድሮ ሰለቸኝ። ቀጠሮው ከሐኪሙ ከተማ ስም ጋር እንዲቀመጥ አደረግኩ፤ እዚያ ሰዓቱ ሲቀየር እኛ ጋ በራሱ ይስተካከላል። ስብሰባ ላይ አስረዳሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም አምኜ ተቀመጥኩ።

ሰዓቱ በተቀየረ ማግስት፣ ሰኞ፣ አቶ ገብረክርስቶስ ቀጠሮ ነበራቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም በኅዳር አዲስ አበባ መጥተው ለጥቂት ሰዎች ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። ቀኝ ዓይናቸው አሁንም ማንበብ ከቻለ ይመዘገባሉ፤ ካልቻለ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህ የሚወሰነው በዚያ ሰኞ፣ በእኛ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

አምስት ተኩል ላይ ስክሪኑን ባየው ሰባት ሰዓት ይላል። ደነገጥኩ። ኮዴን ፈተሽኩ፤ ልክ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ስድስት መጣልኝ። እንደገና ቆጠርኩ፤ አምስት። ወደኋላ ሲመልሱት ለእኛ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የሠራሁት እኔ፣ ግራ የገባኝም እኔ።

“አቶ ተስፋማርያም፣ ይህን ቀጠሮ ነክተውታል እንዴ?”

“አዎ፣ ትናንት አንድ ሰዓት ጨመርኩበት። የረሳኸው መስሎኝ።”

“በራሱ ይስተካከላል አላልኩም?”

“ብለሃል። ግን በቃ፣ ለማንኛውም ብዬ ነው።”

ሎሚ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ፊቷ ተለዋውጧል። “ውይ! እኔ ደግሞ ጠዋት ሰባቱን አይቼ ለልደት ስምንት ሰዓት ኑ አልኳት። ማለቴ፣ በጥቅምት ሁልጊዜ እንጨምር የለ?”

ልደት የአቶ ገብረክርስቶስ ልጅ ናት። ደወልኩላት፤ ሰንጋ ተራ፣ ቤታቸው ናቸው። “ባላችሁበት ሁኑ፣ በስልክ አገናኛችኋለሁ” ማለት ሲገባኝ፣ ከድንጋጤ ብዛት “ቶሎ ድረሱ!” አልኳት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ስክሪኔ ላይ ብቅ አሉ። አባትና ልጅ ደግሞ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ታክሲ ውስጥ ተቀርቅረዋል። ሊንኩን በልደት ስልክ ላክሁ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሩብ ሰዓት በላብን። ሐኪሙ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ።

“አጠገባቸው ያለውን ነገር ያንብቡልኝ” አሉ ቸኩለው።

ልደት ስልኳን ወደ ታክሲው ዳሽቦርድ አዞረች። ሰዓቱ በአረንጓዴ ቁጥር 12:15 ይላል።

“አባዬ፣ ይሄ ምን ይላል?”

አቶ ገብረክርስቶስ ጠጋ ብለው አዩት። “ስድስት ሰዓት ከሩብ።”

እኔም እንደወረደ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ፤ ስድስት ከሩብ።

ሐኪሙ ቁጥሮቹን በስክሪናቸው ደግመው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው “አዝናለሁ፤ ቁጥሮቹን አይለዩም” አሉና መጻፍ ጀመሩ።

“ዳግም፣ ምን አሉ?” ትላለች ልደት።

ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞርኩ። ምኑን ነው ያልለዩት? ስድስት ከሩብ ነው እኮ! የእኛም የግድግዳ ሰዓት ስድስት ከሩብ ነው የሚለው! ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን አሥራ ሁለት አየሁት። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደሚያደርጉት አሥራ ሁለት አይተው ስድስት አሉ፤ “በራሱ ይስተካከላል” ስል የነበርኩት እኔ ደግሞ ለሐኪሙ ወደ እነሱ አቆጣጠር ሳልለውጠው የሰው ዓይን ላጠፋ ነው። አፈርኩ።

“ቆይ! ቆይ!” አልኩ ለጀርመናዊው በአማርኛ። “አባባ፣ ሰዓቱን አይንገሩን! ቁጥሮቹን ብቻ፣ እንደተጻፉ ይጥሩልን!”

“ሰዓት አይደለም እንዴ?” ተቆጡ። “እሺ። አንድ። ሁለት። ሁለት ነጥብ። አንድ።” ይበልጥ ተጠጉ። “ስድስት።”

አለቀልን አልኩ። አምስት ነበር ማለት የነበረባቸው። እያመመኝ አንድ በአንድ ተረጎምኩና ቀና ብዬ ዳሽቦርዱን አየሁ። 12:16 ይላል።

ሐኪሙ የጻፉትን ሰረዙ።

“አሁን ተቀየረ እኮ” አሉ አቶ ገብረክርስቶስ፣ “እናንተ አታዩም?”