አባ ዘጭ አንዴ ከመታ

«ይህ አውሬ ማነው?» አለ ካድሬው ብርሃነ መስቀል፣ ከሲጋራ ካርቶን የተቀደደች ካርድ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ።

ረሺድ አጎንብሶ አየ። ሆዱ መሬት የነካ፣ ክንዱ ግንድ የሚያክል፣ አንድ ዓይኑን ብቻ የገለጠ አውሬ በከሰል ተሥሎባታል። ከጎኑ ሃያ ጭረት አለ። ማን እንደሆነ ረሺድ አሳምሮ ያውቃል።

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ።»

«ጨዋታ መሆኑንማ አይቻለሁ። አውሬው ማነው አልኩህ?»

ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ የእህል መጋዘን በነበረ አንድ እስር ቤት አርባ ሰው ታጉሯል። ረሺድ ከገባ አምስት ወሩ። አልዩ አምባ ላይ ግመልና በቅሎ ጫኝ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያነሣውን ጆንያ ብቻውን ያነሣና፣ ካነሣ በኋላ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ሚስቱ ሰሊሃ «አላህ ይህን ሁሉ ጉልበት ለአንተ ሲሰጥ ምን አስቦ ይሆን?» ትለው ነበር። የታሰረውም በእንቅልፍ ነው። በስብሰባ ላይ መፈክር ተነሥቶ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ሲያነሣ፣ እሱ አጥር ተደግፎ አንኮራፋ። «አብዮቱን ንቋል» ተባለና ዳገቱን አስወጥተው እዚህ አመጡት።

ጨዋታውን የፈጠረው ገብረአብ ነው፤ የአንኮበር ቄስ ልጅ፣ ወጣት አስተማሪ። ሰው በዝምታ ሊያብድ ነው ብሎ ካርቶን ቀደደ፤ ለእያንዳንዱ እስረኛ አንዳንድ አውሬ ሣለ። ቀንዳም አለ፣ ባለ ሦስት ጅራት አለ፣ እሳት የሚተፋ አለ። ሁለት አውሬ ይገጥማል፤ ጭረቱ የበዛለት ይጥላል። ከሁሉም ትልቁን የሣለው ረሺድን እያየ ነበር።

«ጋሽ ረሺድ፣ ይሄ አንተ ነህ። አባ ዘጭ ይባላል። ማንንም በአንድ ምት ይጥላል። ግን አንዴ ከመታ አንድ ተራ መተኛት ግዴታው ነው። ያን ጊዜ አይጥም ትጥለዋለች።»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ረሺድም ሳቀ፤ ያን ቀን።

ኋላ ግን ሳቁ ጠፋበት። አንድ ከሰዓት ዘበኞቹ ገብረአብን እየጎተቱ ሲያወጡት ረሺድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ገብረአብ እግሩ አብጦ ተመለሰና ከጎኑ ተቀምጦ ካርዱን አደለ። አንድ ቃል አልተናገረውም። ቢወቅሰው ይሻለው ነበር፤ ዝምታው ውስጡ ገብቶ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት የሚፈቱ ዘጠኝ ሰዎች ስም ተነበበ፤ ሦስተኛው ረሺድ። ዕቃውን ሲሸክፍ ፍተሻ መጣና ካርዶቹ ተገኙ።

ብርሃነ መስቀል ወንበሩን ሳብ አደረገ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ! ኃይለኛ ነው፣ ግን ይተኛል። ሰፊው ሕዝብ ተኝቷል፣ ይነሣና ይምታ ማለታችሁ ነው?»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላሰበም።»

«ያሰበ አለ። ስሙን ጥራና ሂድ። ሚስትህ በር ላይ ናት።»

በመስኮቱ የሰሊሃ ቢጫ ሻሽ ይታያል። ንጹሕ ሽርጡን አጣጥፋ በክንዷ ይዛለች። ዝም አይነቅዝም፤ ረሺድ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ተረት ኖሯል። አሁንም ዝም አለ።

«ዝም ብትልም መልስ ነው» አለ ካድሬው ወረቀት እየሳበ። «እኔ አስተማሪው ብዬ እጽፋለሁ፤ አንተ አውራ ጣትህን ታሳርፋለህ። አለቀ።»

ረሺድ ወረቀቱን አየ። ባለፈው ሳምንት ስንቅ ይዘው የመጡ ሁለት እናቶች «ከእንግዲህ አታምጡ» ተብለዋል። ይህ ቃል «ልጃችሁ ተገድሏል» ማለት እንደሆነ በከተማው የማያውቅ የለም። የገብረአብ እናትም በየሐሙሱ ከአንኮበር ትመጣለች። ዛሬ መተኛትም መግደል ሆነ፤ የሚጋደምበት ጥላ አጣ።

«አባ ዘጭ እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«አውሬው እኔ ነኝ። ቁመናዬን አይተው ይፍረዱ። ጨዋታውንም ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ እኛ ጫኞች ከብቱ ሲያርፍ የምንጫወተው ነው። አስተማሪው የለበትም።»

ብርሃነ መስቀል ካርዷን አየ፤ የረሺድን ሆድ አየ፤ ሳቅ መጥቶ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሥራው ትዝ አለው። ለበላይ አካል አንድ ስም መላክ አለበት፤ የማን ስም እንደሆነ ግን ብዙም አልጨነቀው።

«አስበህበታል? ስምህ ከዝርዝሩ ይሰረዛል።»

«አስቤበታለሁ።»

ሦስተኛው ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። ረሺድ ሳይጎትቱት አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ፣ ከቀለሙ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ግቢውን ሲያቋርጥ ሰሊሃ አየችውና ወደ አጥሩ ሮጠች።

«አልፈቱህም እንዴ? ምን አደረግክ? ያ ረቢ!»

«ነገም ስንቅ አምጪ!» ብሎ ጮኸላት፤ ዘበኛው እየገፋው። «ሰማሽ? ነገም!»

መጋዘኑ ውስጥ ገብረአብ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ጋሽ ረሺድ፣ ምነው ተመለስክ? ምን አልካቸው?»

ረሺድ ጠዋት የሸከፈውን ዕቃ ፈታ፤ ሰሌኑን ከቦታው ዘረጋና ተጋደመ። እንደፈራ አላወቀም ነበር፤ አሁን ነው ያወቀው።

«አንዴ መትቻለሁ» አለ። «አሁን የእኔ ተራ አይደለም፤ ልተኛበት።»

ፊቱን ግን እንደ ወትሮው ወደ ግድግዳው አላዞረም።