ጀሪካን የተንጠለጠለበት አንቴና

በሺር ከብረት ምሰሶው ጫፍ ላይ ሆኖ የሽቦ አንቴናውን መያዣ ያሰረውን አራተኛ ዳዶ በመፍቻ ሞከረው። ንቅንቅ አላለም። ሌሎቹ ሦስቱም እንደዚያው ነበሩ። የወጣው ብሎኖቹን ሊፈትሽ ነው፤ ፈትሿል፤ መውረድ ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ግን መፍቻውን ወደ ግራ አዞረና ዳዶውን ፈታው። ከብሎኑ አውልቆ ጃኬቱ ኪስ ከተተው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ያውቃል፤ ቀንቶ ነው።

"ደህና ነው?" አሉ ጋሼ ይስማው ከታች። ማሳው የእሳቸው ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ያለችውን ገላጣ መሬታቸውን ለደሴ አማተር ራዲዮ ክበብ ፈቅደው፣ እሳቸው በጎቻቸውን ከምሰሶው ሥር ያስራሉ።

"እያየሁት ነው ጋሼ።"

"ምኑን ታየዋለህ? ያ የነሐሴ በረዶ የወረደ ለት እዚሁ ቆሜ አይቼዋለሁ። ባህር ዛፉ እንደ ሰካራም ሲወዛወዝ ጀሪካኑ ወጣ ወረድ ይላል እንጂ ሽቦው ፍንክች የለም። ያንተው ነው እንጂ የተገነጣጠለው።"

በሺር ዞሮ አየ። ያንተው የተባለው የራሱ አንቴና ከሃያ እርምጃ ወዲያ ቆሟል፤ ከሦስቱ የአሉሚኒየም ክንዶቹ አንዱ እንደተሰበረ የዶሮ ክንፍ ተንጠልጥሏል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ኩታበር በኩል መሬት ተንሸራቶ ስልክ ሲቋረጥ፣ መልእክት የሚያቀባብሉት የክበቡ አስራ አንድ አባላት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ነፋስ አንቴናቸውን ጣለውና እነሱም ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ጉም፣ በረዶና ነፋስ የሚችል አንቴና ተመርጦ ኩታበር ላይ ይተከል ተባለ። ሁለት ሰዎች ሠሩ። ክረምቱን የሚሻገረው ሊመረጥ ነው።

በሺር ደሴ ውስጥ ሃያ ዓመት ራዲዮ ሲጠግንና ዲሽ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። እንደ ከተማው ዲሽ ሰቃይ ሁሉ እሱም የሚያምነው በማጥበቅ ነው፤ ጥርቅም አድርገህ ካሰርከው አይወድቅም። አንቴናውንም እንደዚያ ሠራው፤ የሚያብረቀርቅ፣ አንድም የሚነቃነቅ ነገር የሌለው። ሞላልኝ የሚባለው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ግን ከምሰሶው እስከ ባህር ዛፉ አንድ ሽቦ ብቻ ዘረጋ። ዛፉ ጋ ያለውን ጫፍ በገመድ አስሮ፣ ገመዱን በውሃ ጉድጓድ መዘውር ላይ አሳልፎ፣ አሸዋ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን አንጠለጠለበት። ነፋስ ዛፉን ሲገፋው ጀሪካኑ ከፍ ይላል፣ ሲመልሰው ዝቅ ይላል፤ ሽቦው ከመጠን በላይ አይወጠርም። የዚያን ለት በሺር በሁሉም ፊት፣ "ይሄ አንቴና ነው ወይስ የውሃ ወረፋ?" ብሎ አስቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚያስቅ ነገር አልተገኘም። ቅዳሜ ቅዳሜ አባላቱ እዚህ ሲሰበሰቡ ራዲዮውን ከየትኛው አንቴና ጋር እንደሚያገናኙት በሺር በዓይኑ ጥግ ይከታተል ነበር። ሐምሌ ላይ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ነበር። በነሐሴ ሁሉም ወደ ሽቦው ሄዱ። ናይሮቢ ያለ ሰው "ዛሬ ድምፃችሁ ጥርት ብሏል" ሲል ሁሉም ዞረው ሞላልኝን ያዩታል፤ ሞላልኝ ይሽኮረመማል፤ በሺር ፊቱን ወደ ራሱ አንቴና ያዞራል። ይባስ ብለው ደግሞ አንጋፋ ነህ፣ ከፍታም ትደፍራለህ ብለው ፈትሾ ሪፖርት እንዲሞላ እሱኑ ላኩት። ሞላልኝም፣ "ጋሽ በሺር ያሉት ይሁን" አለ። ቢጠራጠረው ይሻለው ነበር።

እዚያው እላይ ሳለ ስልኩ ጠራ። ሞላልኝ ነው።

"ጋሽ በሺር፣ ወጡ እንዴ? ቀበቶዎን አደራ።"

"ላይ ነኝ።"

"አራቱን ብሎኖች ብቻ ይዩልኝ። በራሴ እጅ ነው ያጠበቅኳቸው፤ ግን የእርስዎ ዓይን ካላረፈባቸው እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"አየኋቸው" አለ በሺር።

"ተገላገልኩ በቃ። እግዜር ይስጥልኝ።"

በሺር ስልኩን ዘግቶ አፈረ። እውነቱን ለመናገር ዳዶውን ሊመልስ እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ ነበር። ያኔ ነው ዓይኑ ሽቦውን ከምሰሶው ጋር ባገናኘችው አጭር ገመድ ላይ ያረፈው። ገመዷ ሦስቴ ተጠምጥማ፣ በራሷ ሆድ ውስጥ ተመልሳ ገብታ፣ ጭራዋ ታጥፎ ወጥቷል። ይህን ቋጠሮ ያውቀዋል። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አይቶታል። የሚስቱ የፋጡማ ቋጠሮ ነው።

ፋጡማ ሰኞ ገበያ ገመድና ሸራ ነው የምትሸጠው። አባቷ ባቲ ላይ ግመል ጫኝ ነበሩ፤ ቋጠሮው የእሳቸው ነው። ግመል ሲናወጥ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም፤ ግመሉ ከወደቀ ግን ጭራውን አንዴ መሳብ ነው፤ ጭነቱ ይለቃል። ከሰኞ ገበያ ሴቶች አንዷም አትችለውም። ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?

በሺር ዳዶውን ረሳው። ቶሎ ቶሎ ወረደ፤ ጋሼ ይስማው "ሻይ እንኳ ሳትጠጣ?" ሲሉት "እቸኩላለሁ" ብሎ አለፋቸው፤ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ በመስኮት በኩል ተቀመጠ። ሞላልኝ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አላገባም። ሲስቅ ደግሞ ያምርበታል፤ ይህን በሺር ከዚያ ቀን በፊት ልብ ብሎት አያውቅም። መቼ ተገናኙ? ኮምቦልቻ ሸራ ልታመጣ የምትሄደው በወር ሁለቴ ነው። ባለፈው ወር ግን ሦስቴ ሄዳለች። ደሴ እስኪደርስ ድረስ ሦስተኛውን ጉዞ እያሰበ እጁ ኪሱ ውስጥ ዳዶውን ሲያሽከረክር ነበር።

ሱቋ ጋ እንደደረሰ ከሸራዋ ጥላ ሥር ጎንበስ ማለቱን ዘነጋና አንድ ነገር ግንባሩን መታው። ሁልጊዜ ነው የሚመታው፤ ሁልጊዜ ይረግመዋል። አሁን ግን አፉን ከፍቶ ሳይረግም ቀረ። የመታው ቢጫ ጀሪካን ነው። አሸዋ ተሞልቶ፣ በጥቁር ገመድ ከሸራው ጠርዝ ተንጠልጥሏል። ነፋሱ ሸራውን ሲያነሳው ጀሪካኑ ከፍ ይላል፤ ሲለቀው ዝቅ ይላል። ሸራው አይቀደድም።

"ሞላልኝን ከየት ታውቂዋለሽ?" አላት።

ፋጡማ ለደንበኛ ገመድ ለክታ ጠቅልላ እያስቀመጠች ነበር። "መጀመሪያ አሰላሙ አለይኩም ነው የሚባለው።"

"ጠይቄሻለሁ።"

"የኮምቦልቻውን? ከኔ ገመድ ገዝቷል። ሰኔ ላይ።"

"ገመድ ብቻ?"

ጎን ለጎን ሽንኩርት የምትሸጠው ብዙዬ አንገቷን ደፍታ የተደረደረውን ሽንኩርት እንደገና መደርደር ጀመረች። ፋጡማ አየቻትና ወደ ባሏ ዞረች።

"ገመድ ብቻ አይደለም። ዝናቡንም ፀሐዩንም የሚችል የቱ ነው አለኝ፤ ነጩን ፀሐይ ይበላዋል፣ ጥቁሩን ውሰድ አልኩት። እንዴት ልሰረው አለኝ፤ እዚሁ በርጩማ እግር ላይ አሳየሁት። ሦስቴ ተሳስቶ በአራተኛው ቻለ። ቀና ብሎ አየና ይሄ ጀሪካን ለምንድነው አለኝ፤ ነገርኩት። ብዙዬም ነበረች። ሌላ ምን ልንገርህ?"

"ታዲያ ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?"

"ላንተ?" ፋጡማ ገመዱን አስቀመጠችው። "ወላሂ የዚያኑ ቀን ነግሬህ ነበር። ራዲዮህ ጆሮህ ላይ ነው። አንድ ልጅ ስለ አንቴና ጠየቀኝ ስልህ፣ 'ቆይ' አልከኝ። ይኸው ጳጉሜ ገባ፤ እንደቆየሁ ነው።"

ብዙዬ በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

"እሱ ጠየቀሽ" አለ በሺር፤ ድምፁ ወርዷል።

"ጠየቀኝ። አንተ በዚህ ጀሪካን ስትገጭ ስትራገም እንጂ፣ ምን ይሠራል ብለህ ስትጠይቅ አልሰማሁም።"

በሺር በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሚኒባስ ውስጥ ያሰበው ሁሉ አሳፈረው፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀውም። ቦታ ቀየረ እንጂ። ሞላልኝ ብልህ ሆኖ ቢበልጠው ይሻለው ነበር። የበለጠው ከገዛ ቤቱ በወሰደው ነገር ነው፤ የወሰደውም በመጠየቅ ብቻ ነው። ክረምቱን ሁሉ የቀናበት አንቴና የሚስቱ ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ እሷም ይህን እያወቀች እራት ስታቀርብለት ከረመች።

ቀና ሲል ጦሳ ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሯል። ነፋሱ ሸራውን አንዴ አነሳው፤ ጀሪካኑ ወጣ፤ ወረደ። በሺር ዳዶውን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

"ምንድነው?"

"የሞላልኝ ምሰሶ ዳዶ ነው።"

"ወድቆ አግኝተኸው ነው?"

"ፈትቼው ነው።"

ፋጡማ ዳዶውን አገላብጣ አየችው። "ከሥሩ ሰው አለ?"

"ጋሼ ይስማው በጎቻቸውን ያስራሉ።"

"ያ ረቢ። ተነስ፤ ደውልላቸው።"

ደወለ። "ጋሼ፣ በጎቹን ከምሰሶው ሥር ያንሷቸው። እርስዎም እንዳይጠጉ። መጣሁ።"

"ምነው? ምን ሆነ?"

"አንድ ዳዶ ረስቼ..." አለና ፋጡማን አያት። እሷም እያየችው ነው። "ረስቼ አይደለም። ፈትቼው ነው ያልመለስኩት። ስመጣ እነግርዎታለሁ። ለሞላልኝም ራሴ እነግረዋለሁ።"

ስልኩን ሲዘጋ ፋጡማ ሱቁን ልትዘጋ ሸራውን ማውረድ ጀምራለች። "እኔም እመጣለሁ" አለች። "እስከዛሬ ስሰማው የከረምኩትን ነገር በዓይኔ ልየው።" ሸራውን የምታስርበትን ገመድ አንስታ ልትቋጥር ስትል በሺር እጇን ያዘ።

"ስጪኝ። እኔ ልሰረው፤ አሳዪኝ።"

"አሁን? ሚኒባሱ ያመልጠናል።"

"ሌላ ይመጣል። ቀስ ብለሽ አሳዪኝ።"

አሳየችው። ሦስቴ መጠምጠም፣ በሆዱ መመለስ፣ ጭራውን ማጠፍ። ቀላል ይመስላል። የበሺር ጣት ግን የለመደው ማጥበቅ ነው፤ ገና ሳይመልሰው ይጨመድደዋል። "ልቀቀው እንጂ፤ ራሱ ይጠብቃል" አለችው። ሁለቴ ተሳሳተ። ሦስተኛውን ሲጀምር፣ "ኪሴ ውስጥ ወረቀት አለ፤ አውጪው" አላት። "እስክሪብቶም አለ። እጄ ገመድ ይዟል፤ አንቺ ሙዪልኝ።"

ፋጡማ የክበቡን ሪፖርት ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። "'የትኛው አንቴና ይመረጥ?' ይላል።"

"የሽቦው በይ።"

"'ምክንያት?'"

"ነፋስ ሲመጣ ስለሚለቅ። እንደዚያው ጻፊው።"

ጻፈች። "'የሠሪው ስም?'"

ገመዱ ከበሺር ጣት አመለጠው፤ መልሶ ያዘው። "ሞላልኝ" አለ በመጨረሻ። የእስክሪብቶው ድምፅ ሲያበቃ ጠበቀ። "ያንቺንም ጻፊ።"

"የኔን?"

"ገመዱም ቋጠሮውም ጀሪካኑም ያንቺ አይደል?"

ብዙዬ ሽንኩርቷን ትታ ታያቸዋለች። ፋጡማ እስክሪብቶውን አስተካክላ ያዘች። "እሺ፤ ከሱ ሥር ልጻፈው?"

በሺር ጭራውን አጥፎ አስገባና ለቀቀው። ነፋሱ ሸራውን ገፋው፤ ቋጠሮው ራሱ ጠብቆ ያዘ።

"ከሱ በላይ" አለ። "ያንቺን ከላይ ጻፊው።"