ወደ ግድግዳው የዞረው መብራት

«ከዛሬ ጀምሮ መኪናውን ሳስገባ ውጪ መውጣት የለብሽም» አላት አባቴ።

እናቴ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። «ጡረታ አወጣኸኝ ማለት ነው?»

«እረፊ ነው ያልኩሽ።»

«ገብቶኛል።»

ግን አልገባትም ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ተሳቢውን በኋላ ማርሽ ወደ ግቢያችን የሚያስገባው በእሷ ድምፅ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በግራ በኩል፣ ግድግዳው ጥግ ቆማ «ና! ና! ትንሽ ወደ ቀኝ! በቃ!» ትለዋለች። ጎረቤቶቻችን «እሱ መሪ ይይዛል፣ እሷ ትነዳለች» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እናቴ ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ደስ ይላታል።

ከሰዓት በኋላ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰውዬ መጣ። ሰፈርተኛው «ብልጭታ» ነው የሚለው። የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚበራ ሁለት ነጭ መብራትና አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ ተሳቢው ሥር ገባ። እናቴ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እንግዲህ ሥራዎን ልንቀማዎት ነው!» አላት ከሥር ሆኖ።

«መብራቱ አፍ አውጥቶ ‹በቃ› ሲል እሰማለኋ» አለች።

ብልጭታ የቀኙን መብራት ቀጥ አድርጎ አሰረው። የግራውን ሊያጠብቅ ሲል አባቴ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ይቺን ወደ ግድግዳው አዙራት።»

«ጋሼ ደግሞ! ግድግዳው የት እንዳይሄድብዎት ነው?»

«እዚያ ጋ ሰው ይቆማል።»

«ማን?»

«እሷ ናታ!»

«አሁን አትውጪ ብያታለሁ አላሉኝም?»

«ብያታለሁ። ታዲያ እሺ ብላ የምትቀር ይመስልሃል?»

ብልጭታ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም።

«ባለፈው ሳምንት ሲመሻሽ እያስገባሁ ድምጿ ጠፋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በመስታወት ባይ ጨለማ ነው። ብጣራ መልስ የለም። ወርጄ ስሮጥ በተሳቢውና በግድግዳው መሀል ቆማለች። የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም።»

ያን ቀን ትዝ አለኝ። ተሳቢውን ግማሹን ደጅ ትቶት ገብቶ ነበር። ራትም አልበላም። ደክሞት ነው ብለን ተውነው።

እናቴ ሰምታው ኖሮ ከበሩ ወረደች። «ትን ብሎኝ ነበር እኮ» አለች።

«እኔ ምን አውቄ?»

ብልጭታ መብራቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብሎኑን አጠበቀው።

አመሻሽ ላይ አባቴ ለሙከራ መኪናውን አውጥቶ መለሰው። እናቴ ሳትጠራ ወጥታ የለመደችው ቦታ ላይ ቆመች። ማርሹን ሲያስገባ ብርሃኑ ከጫማዋ እስከ ሻርፗ ድረስ አገኛት። አባቴ በመስታወት አያትና ትንሽ ቆየ።

«ና እንጂ!» አለችው።

ተሳቢው ገባ። ብልጭታም ከእኛ ጋር ራት በልቶ ሄደ።