ማሬ ሞሶ

ሮም ሰባት ኮረብታ አላት ይላሉ። ውሸት ነው፤ ስምንተኛው ሀብተሚካኤል ነበር። ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ብቅ ሲል መኪና ይቆማል፣ እርግብ መንገድ ይለቃል፣ የተርሚኒ ባቡር እንኳ ፉጨቱን ይውጣል። በደርግ ጊዜ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል፤ ይህ እውነት ነው። ያገለገለው ግን በዕቃ ግምጃ ቤት፣ በብርድ ልብስና በሳሙና መካከል እንደነበር ከእሱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሮም ላይ ስሙ «አሚራልዮ»፣ አድሚራሉ፣ ሆኗል።

በፈረንጆቹ 1997 መገባደጃ፣ በሰው ቤት የሚሠሩት ሁሉ ዕረፍት በሚወጡበት በአንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሲኒት እጁን ይዛ ወደ ወይዘሮ ኣስገደት ስልክ ቤት ጎተተችው። የሲኒት አሠሪ ሲኞር ብሩኖ ለዓሣ ማጥመድ ጨዋታ ምጽዋ ወርዷል። ጀልባውን የሚነዳለት አንድያ ወንድሟ ረዳ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሲኞሩ ቤት ተጋብዞ የሄደው ሀብተሚካኤል «ኮሎሴዎን የሚያህል ዓሣ በአንድ እጄ ስቤያለሁ» ካለው ወዲህ፣ ሲኞሩ ስለ ባሕር የሚያምነው እሱን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ተጣልተዋል» አለችው። «ሲኞሩ ደሴቶቹን አልፌ ከጥልቁ ትልልቁን ላጥምድ ይላል። ረዳ ደግሞ ነፋሱ ከትናንት ጀምሮ ዞሯል፣ ዛሬስ ከዳር እንዋል ይላል። ‹አሚራልዮው ይፍረዱ› ብለው የሆቴሉ ስልክ አጠገብ ተቀምጠዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ሳያስፈቅድ የዞረ ነፋስ አለ እንዴ?» አለ ሀብተሚካኤል። እሱ ግን የሚያውቀው የሳሙና ካርቶን መቁጠር ነው።

መስመሩ ገባ። ሲኞር ብሩኖ እየጮኸ የባሕሩን ትንበያ አነበበለት፤ ከዳር «ካልሞ»፣ ከደሴቶቹ ወዲያ «ማሬ ሞሶ»። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለው።

«ካልሞ» ጸጥታ መሆኑን ያውቃል። «ሞሶ»ን ግን ሰምቶት አያውቅም። ጣልያንኛውን የተማረው ከሚጦራቸው ደንቆሮ ሽማግሌ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከ«ሾርባዬስ?» ሌላ አይናገሩም። ወዲያው ልቡ ውስጥ አንድ ነገር በራ። ሞሶ! ሙሴ! በበትሩ መትቶ ባሕሩን የከፈለው፣ ሕዝቡን እግሩ ሳይረጥብ ያሻገረው! ቀይ ባሕር ራሱ አይደል እንዴ?

«ቫ! ቫ ቤኔ!» ብሎ አንባረቀ። «ሞሶ ኦቲሞ! እንደ አስፋልት ነው፣ ይግቡበት!»

ሲኞሩ አመስግኖ ዘጋው።

ወይዘሮ ኣስገደት ከባንኮኒው ኋላ ቀና አሉ። «አሚራልዮ፣ ምን አልከው?»

«የሙሴ ባሕር ነው፣ ግባበት አልኩት።»

«ያንተ ያለህ! እሱማ ‹ሞዜ› ነው! ሞሶ ማለት የሚናወጥ ማለት ነው። ባለቤቴ ፊውሚቺኖ ዓሣ ጀልባ ላይ ሲሠራ፣ ሞሶ ከተባለ ከቤት አይወጣም ነበር!»

ሲኒት እንደገና ደወለች። የሆቴሉ ሰው አነሳው። «ሁለቱም አሁን ወደ ጀልባው ወረዱ፤ ልሩጥና ልጥራልሽ?» አለ።

«ሲኞሩን ላስጠራና ‹ጋሼ ተሳስተው ነው› ልበለው?» አለች ወደ ሀብተሚካኤል ዞራ።

«አይሰማሽም። ወንድሟን ልታስቀር ነው ይላል። እኔ ራሴ ብነግረው እንኳ ‹አሚራልዮው ትሕትና ጀመራቸው› ብሎ ይስቃል።» ላቡን ጠረገ። «ረዳን ጥሪው። እናታችን ሞተች በይው።»

«እናቴ አሥመራ ደኅና ተቀምጣ!»

«አውቃለሁ። መርዶ የሰማ ሰው ጀልባ አይነዳም። ሌላ ቃል ካለሽ ወዲህ በይ።»

የሞት ቃል በደኅና እናቷ ላይ ከአፏ ወጣ፤ የሆቴሉ ሰው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሮጠ። በዚያ በተከፈተ መስመር ውስጥ ነፋስ መስኮት ሲያጋጭ፣ ሲያፏጭ፣ ዕቃ ሲያንከባልል ሰሙ። ቪያ ቮልቱርኖ ድረስ የነፈሰ መሰለ፤ ሀብተሚካኤል ባርኔጣውን ይዞ ቆመ።

ከዚያ የረዳ ጩኸት መጣ። «ኣደየ! ኣደየ!»

«ረዳ፣ ስማኝ፣ እማማ...» ስትል የስልክ ካርዱ አለቀ።

ወይዘሮ ኣስገደት ሌላ ካርድ ወረወሩላት። ደወለች፤ ተይዟል። ደገመች፤ ተይዟል። በስልክ ቤቱ ያሉት ሁሉ ሰምተው ኖሮ፣ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሌላዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኅቴ።» አንድ ሽማግሌ ሀብተሚካኤልን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ለመሆኑ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

ሌላ ቀን ቢሆን መቶ ሃያ ይላቸው ነበር፣ ጥርሳቸው አንድም ሳይወልቅ። አሁን ግን ወደ ሲኒት ጠጋ አለ።

«ረዳ አሥመራ ጎረቤት ጋ እየደወለ ነው» አለ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እማማን ድንኳን ሊጥሉባቸው ነው። ምን አደረግሁ!»

ሲኒት ቁጥሩን ደግማ ጫነች። ተይዟል።

«ተይዞ ይዋል» አለች። «ስልክ ላይ ከሆነ መሬት ላይ ነው።»