የቀሩት አባትና ልጅ

አናጢው የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ በር በትከሻው ገፍቶ ሲገባ ሚስቱ ፍራሽ እየጠቀለለች ነበር። ከድንበር ማዶ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሃያ ሦስት ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ወለል ላይ ተኝተዋል። ዛሬ ጠዋት ከቀበሌው ደብዳቤ መጣ፤ አዳራሹ እስከ አስር ሰዓት ካልተለቀቀ ይታሸጋል። ምእመናኑ ተጠርተው የቻሉትን ያህል ሰው ወደየቤታቸው ወሰዱ። ወገባቸው የማይታዘዝላቸው አንድ አዛውንትና ሴት ልጃቸው ብቻ ቀሩ።

"በስልክ ያልሽኝ የምርሽን ነው?" አላት።

"ሁለቱን እኛ እንደምንወስዳቸው ለቄሱ ቃል ሰጥቻለሁ።"

"እኔን ሳትጠይቂ? አራት ነፍስ በአንድ ክፍል ታጭቀን የት ልታስተኚያቸው ነው? ጣሪያው ላይ?"

"እኔ እንጃ።" ፍራሹን ጠቅልላ ጨረሰች። "የመዘምራኑ መሪ እንኳ ልጅቷን ብቻ ልውሰድ አለ። እሳቸውን ሁሉም እያየ አለፋቸው።"

ልጅቷ ከአባቷ አጠገብ ብድግ አለች። "ጋሼ፣ እኔ ውጭ አድራለሁ። አባቴን ብቻ ያስጠጉልኝ።"

አናጢው ዓይኗን ሸሸ። የሚሠራበት እንጨት ቤት ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። ሚስቱ ይህን አታውቅም፤ በየማለዳው መጋዙን ይዞ እየወጣ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል። አሁን ግን አፈነዳው።

"ሥራ የለኝም! ተዘግቷል። ልጆቻችንንስ ምን እንደማበላቸው መች አወቅኩና!"

ሚስቱ የጠቀለለችው ፍራሽ ላይ ዘጭ አለች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። "እንግዲያውስ እነሱን ምን ብዬ ልመልሳቸው?" አለች ብቻ፣ ለራሷ ይመስል።

ያን ጊዜ መጥፎ ሽታ መጣ። አዛውንቱ አምልጧቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጅቷ ጨርቅ ይዛ ተንበረከከች፤ ልታነሳቸው ሞከረች፣ አቃታት፤ ደግማ ሞከረች።

አናጢው ቆሞ አያቸው። አስር ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ከሄደ በኋላ ቆመና ጃኬቱን አውልቆ መስኮቱ ላይ ጣለው።

"ውሃ አሙቂ" አላት ሚስቱን።

ከዚያ አዛውንቱ አጠገብ በርከክ ብሎ፣ "አባባ፣ ክንድዎን አንገቴ ላይ ያድርጉ" አላቸው። "ቤት እንሄዳለን፤ መጀመሪያ ግን እንታጠባለን።"