ወደ ታች የተቀሰሩ ሁለት ጣቶች

እሑድ የሚባል ቀን ባይኖር ኤመሪ ጋስኪን ሰው መሆኑንም ይረሳው ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደቡብ ቺካጎ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ክፍሉ፣ ከራዲዮው ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ሚስቱ ከፈታችው ቆይታለች፤ ልጅ የለውም። አብረውት ሙዚቃ ከተጫወቱት ግማሾቹ መቃብር ገብተዋል፣ ግማሾቹ ካሊፎርኒያ፤ ለእሱ ሁለቱም ያው ነው። እሑድ ግን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ኤመሪ ጫማውን ወልውሎ፣ ከሐይቁ የሚመጣውን ንፋስ እየተራገመ ወደ ሚስ ናዲን ክለብ ይሄዳል። እዚያ ፒያኖ አለ፤ ኦርዜላም አለች።

ኦርዜላ ፔቲት እሱ ፒያኖ ሲመታ የምትዘፍን ሴት ናት፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ። የማያውቃቸው ባልና ሚስት ይመስሉታል፤ አይደሉም። ኤመሪ ድሮ አንድ ጊዜ ሊጠይቃት አስቦ ነበር። ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ እሷ ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው አገባች። ባሏ ከሞተ በኋላም ኤመሪ ማሰቡን እንደገና ጀምሮ ነበር፤ እስካሁን አልጨረሰም።

ስሟን ያስጠራው «ባቡሩ ሳይመጣ» የሚለው ዘፈኗ ነው። ገና ልጃገረድ እያለች በሸክላ ያስቀረጸችው ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣ ይወጣና ሰው ትንፋሹን ውጦ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከሴንት ሉዊስ በመኪና ሲመለሱ፣ መድረክ ላይ ድምፅዋ ስለተሰበረባት አንዲት አሮጊት ዘፋኝ ሲያወሩ፣ ኦርዜላ እንዲህ አለች፦ «እኔ ባቡሩን ሸክላው ላይ ከዘፈንኩበት ዝቅ አድርጌ የዘፈንኩ ቀን ቤቴ ገብቼ እቀመጣለሁ። ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።» ኦርዜላ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ሲጋራን በአንድ ማለዳ እርግፍ አድርጋ የተወች፣ ከእህቷ ጋር ተኳርፋ እህቷ እስክትቀበር ያልታረቀች።

ስለዚህ ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ፣ በአንድ እሑድ፣ ያ ከፍተኛው ድምፅ ጫፉ ላይ ሲሰነጠቅ ኤመሪ ልቡ ስንጥቅ አለ። ሰው አላስተዋለም፤ እሱ ግን ሰማ። በሚቀጥለው እሑድ ዘፈኑን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ጀመረላት። በዓመቱ ደግሞ ትንሽ። በኋላም ትንሽ።

ለጓዶቹ የሚነግራቸው በጣት ነው። የጃዝ ሰዎች መድረክ ላይ አይነጋገሩም፤ ስንት ጣት እንደወጣና ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እንደተቀሰረ ያየ ተጫዋች ዘፈኑ ከየት እንደሚነሳ ያውቃል። ሌላው ይህን በግላጭ ያሳያል። ኤመሪ ግን የባቡሩ ዘፈን ተራ ሲደርስ እጁን ከፒያኖው ሥር አውርዶ፣ እንደ ሌባ፣ ለባለ ቤዙና ለድራመሩ ብቻ፣ ዛሬ ዛሬ ሁለት ጣት ወደ ታች ይቀስራል። ኦርዜላ ፊቷ ወደ ሕዝቡ ነው። ዘፍና ስትጨርስ «ዛሬ ጉሮሮዬ እንዴት ነው?» ትለዋለች። «እንደ ሸክላው» ይላታል፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ይህን ያደረገው ለእሷ ብሎ ነው። ለእሷ ብቻ ነው ቢባል ግን ውሸት ነው። እሷ ቤቷ ከገባች እሱ የት ይገባል?

ጉድ የመጣው በየካቲት ነው። ቴሬል ብራክስ የሚባል ትራምፔት ነፊ ወንድሙን ሊጠይቅ ከዲትሮይት መጥቶ፣ በዚያ እሑድ ከሰዓት ትራምፔቱን ይዞ ሚስ ናዲን ቤት ገባ። ጨዋ ሰው ነው፤ ልብሱ ያማረ፣ ኮፍያውን አውልቆ የሚናገር። እናቱ የኦርዜላን ሸክላ ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ እንዳጫወተችው፣ እሱም ትራምፔት የተማረው ከሸክላው ጋር አብሮ እየነፋ እንደሆነ ነገራት። ኦርዜላ ደስ ብሏት የተጠበሰ ዓሣዋን አካፈለችው። እንግዳ ሲመጣ ማክበር ልማድ ነውና ባቡሩን እሱ እንዲከፍትላት ጠየቀችው።

ኤመሪ ይህን ሲሰማ ዳቦውን አስቀምጦ ተነሳ። ሰውየውን ለብቻው ሊያነጋግረው ቢሞክር ኦርዜላ የቴሬልን ክንድ ይዛ አልለቀቀችውም። በመጨረሻ እንደምንም ጠጋ ብሎ፣ ዘፈኑን ሲጀምሩ የእሱን ጣት እንዲያይ ነገረው።

«አይጨነቁ» አለው ቴሬል፣ ትከሻውን መታ አድርጎ፤ «ይሄን ዘፈን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።»

መድረክ ላይ ወጡ። ኤመሪ እጁን ከፒያኖው ሥር አውርዶ ሁለት ጣት ቀሰረ። ቴሬል ግን ከወዲያኛው ጫፍ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኗል። ለእናቱም ለኦርዜላም ክብር ብሎ፣ ልክ እንደ ሸክላው፣ ከላይ ጀመረው።

ባለ ቤዙና ድራመሩ ኤመሪን አዩት። ኤመሪ የሚይዘው ጠፋው። ትራምፔቱን ተከትሎ ከላይ ቢመታ፣ ለዓመታት ባቡሯን ሲጠብቅ በኖረው ሕዝብ ፊት የኦርዜላ ድምፅ ይሰበራል። እንደለመደው ዝቅ ብሎ ቢገባ ሁለቱ ድምፆች ይላተማሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉን ትሰማለች። እጁን ከፒያኖው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረው። ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረገ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ኦርዜላ ለሕዝቡ ፈገግ እንዳለች ቀኝ እጇን ዘርግታ የቴሬልን ክርን ነካችው። ዓይኑን ገለጠ። ግራ እጇን ደግሞ ወደ ኋላዋ አድርጋ፣ ወገቧ ላይ፣ ሁለት ጣት ወደ ታች ቀሰረች።

ቴሬል ጎበዝ ነው፤ እየነፋ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብሎ ወርዶ፣ እሷ ያለችው ቦታ ላይ አረፈ። ሕዝቡ ሆን ተብሎ የተደረገ ጌጥ መስሎት አጨበጨበ። ኤመሪ ግን እነዚያን ሁለት ጣቶች እያየ ነበር። ሲመታም ዘፈኑን አልሰማውም፤ ኦርዜላ ከመቼውም ይልቅ አሳምራ እንደዘፈነች በኋላ ሰዎች ነገሩት።

ሲጨርሱ መጥታ ፒያኖው ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«የመጀመሪያውን ቀን። አንተ ሰውዬ፣ ድምፄ እኮ ያለው እኔ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ አንተ ፒያኖ ውስጥ አይደለም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማወቄን ካመንኩ፣ እንዳልኩት ቤቴ መቀመጥ አለብኝ። እኔ ከተቀመጥኩ አንተ እሑድ የት ትሄዳለህ?»

ኤመሪ እሷን እያታለልኩ ነው ሲል እሷ ስታታልለው ኖራለች፤ ያንን ሁሉ ጊዜ አንድ መድረክ ላይ አንዱን ጭንቀት ለየብቻ ተሸክመው። የሰማ ሰው እንደሌለ፣ ቴሬልም ለማንም እንደማይናገር ነገራት።

«አንተ ማወቄን አወቅህ» አለችው። «እስካሁን የዘፈንኩት አላወቀችም ብለህ ስለምታስብ ነው። ከእንግዲህ ስዘፍን እያዘንክልኝ ትመታለህ። ያንን አልችለውም፣ ኤም።» ጓንቷን አጠለቀች። «ሐሙስ ሐሙስ ዓሣ እጠብሳለሁ። ለአንድ ሰው ይበዛል።»

ኤመሪ የሚመልሰውን አሰበ። ብዙ ነገር መጣለት፤ የትኛው መቅደም እንዳለበት ሲያስብ ሚስ ናዲን የኦርዜላን ካፖርት ይዛ መጣች፣ ኦርዜላን ቤቷ የሚያደርሳት የወንድሟ ልጅ በመኪና ውጭ እየጠበቀ ነበር። «ጥሩ ነው» አለ ኤመሪ፤ ምኑ ጥሩ እንደሆነ ራሱም አላወቀውም።

ሐሙስ ዕለት ጫማውን ወለወለ። እሑድ ባልሆነ ቀን ሲወለውል የመጀመሪያው ነው። ካፖርቱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና በሩ ሲከፈት ምን እንደሚላት አሰበ። የጎረቤቶቹ ራት መሽተት እስኪጀምር ድረስ አሰበ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

እሑድ ሚስ ናዲን ቤት ያለ ኦርዜላ ሦስት ሆነው መድረክ ላይ ወጡ፤ እሱ፣ ባለ ቤዙና ድራመሩ። ሚስ ናዲን የኦርዜላን ማይክሮፎን ከነማቆሚያው ከመድረኩ አላነሳችውም ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት ባቡሩን ጠየቀች። ኤመሪ እሺ አለና፣ ጣቱን የሚደብቃት ሴት ከፊቱ በሌለችበት፣ እጁን ከፒያኖው ሥር አውርዶ ሁለት ጣት ወደ ታች ቀሰረ። ባለ ቤዙ አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ጀመሩ።