ሥጋ ያልነካው ድስት

ከውጭ ከተመለስኩ ወዲህ ሥራ እየጀመርኩ ስተው ከርሜያለሁ። ይሄን ግን ጨረስኩት። አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አቃቂ ካለ ጋራዥ አስገብቼ ወንበሮቹን አስነቀልኩ፤ አልጋ፣ ቡታጋዝና የእጅ መታጠቢያ አስገጠምኩበት።

ለአባዬ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ያደገው እብጠት ምግብ ካስተወው ሰንብቷል። ሐኪሙ «ትንሽም ቢሆን በአፉ ካልወሰደ በሆዱ ቱቦ እናስገባለን» ብሎኛል። አባዬ ቱቦውን ከሞት አስበልጦ ይጠላል። በሕይወቱ ምግብ የጣመው ከባድ መኪና ሲነዳ አሰብ መንገድ ላይ፣ ከጋሽ ሻፊ ጋር በተሳቢው ጥላ ሥር ሲያበስሉ ብቻ እንደነበር ሲያወራ ነው ያደግሁት። እንግዲያው ወደ መንገዱ ልመልሰው አልኩ፤ እስከ አዋሽ፣ ጋሽ ሻፊን ይዘን።

ጋሽ ሻፊ ያን ሁሉ ዘመን ከአባዬ ጋር እየተፈራረቁ የነዱ የስልጤ ሰው ናቸው። አባዬን ተሸክሜ አልጋው ላይ ሳስተኛው አዩትና ፊታቸውን ወደ ቡታጋዙ መለሱ።

«ቀናው፣ ልጅህ የሙሽራ ቤት ሠራልህ። እኛ እኮ ጎማ ተደግፈን ነው የበላነው።»

«አንተማ ጎማውንም ትበላው ነበር» አለ አባዬ፣ በደከመ ድምፅ።

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙ ሳንርቅ አባዬ «ራበኝ» አለ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ዳር ይዤ ቆምኩና ምስር ወጥ ጣድኩ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ውጭ የታክሲ ረዳቶች «ዱከም! ዱከም!» ይላሉ። በዳቦ ፈትፍቼ አቀረብኩ።

ጋሽ ሻፊ ድስቱን አየት አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ድስት ሥጋ ገብቶበት ያውቃል?»

«ጠዋት ለአባዬ የበግ መረቅ ሠርቼበት ነበር። ግን በደንብ ታጥቧል፣ ጋሼ።»

«መታጠቡንስ ታጥቧል።» እጃቸውን ሰበሰቡ። «እናንተ ብሉ። እኔ በልቼ ነው የወጣሁት።»

በጉ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት የተገዛ ነው። እኔ በተማርኩበት አገር የታጠበ ድስት ንጹሕ ድስት ነው።

አባዬ ወደ አፉ ያስጠጋውን ጉርሻ መለሰው። «ሻፊ በልቶ ወጥቶ አያውቅም» አለ። «አንድ ድስት ነበረችን፤ ሥጋ ነክቷት አያውቅም። እሱ ሳይበላም በልቼ አላውቅም።» ሳህኑን ገፋው።

«አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ...»

ፊቱን አዞረ።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር ወዳለው ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቋ ፈርዶሳ አዲስ ድስት ስታወርድልኝ «ምነው እንዲህ አጣደፈህ፣ ድግስ አለ እንዴ?» አለች። ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። ተመልሼ ሁሉንም ከሽንኩርቱ ጀመርኩ። ረሃቡ ወጡ እስኪደርስ ይቆይልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ሁለቱም ከአንድ ሳህን አነሱ። አባዬ ጎረሰ። አኘከ፣ አኘከ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በመጨረሻ መዳፉ ላይ ተፋው። ደግሞ ሞከረ። ያንንም ተፋው።

ጋሽ ሻፊ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ወዲህ ዙር» አለ አባዬ። «ብላ።»

«አንተ ሳትበላ?»

«ለእኔ አልወርድ አለኝ። አንተ ብላልኝ። እንደ ድሮው፣ ሳታፍር።»

ጋሽ ሻፊ በሉ። እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት። አባዬ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኑ ይከተላል፤ እሳቸው በዋጡ ቁጥር የእሱም ጉሮሮ ይንቀሳቀሳል።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን የአባዬን መዳፍ ጠረግኩለት።

«ጠገብኩ» አለኝ። «አሁን ወደ ቤት መልሰን።»